መስኪዬ እጄ ላይ ሞተ። የቱ ጋ ነው ያጠፋሁት?

የጣና ልጅ | እሑድ ማታ

ሰላም ቤተሰብ። የምኖረው ሴንት ፖል ነው፣ ሚኒሶታ። ያደግኩት ባሕር ዳር። ልጅነቴ አምባዛና ቀረሶ ስጎትት ነው ያለፈው። እዚህ ከመጣሁ በኋላ ደግሞ መስኪ የሚባለው ዓሣ ልቤን ወሰደው። ሦስት ሰመር ሙሉ ወረወርኩ። እዚህ አገር «የአሥር ሺህ ውርወራ ዓሣ» ይሉታል። እኔ መቁጠሩን ከተውኩ ቆየሁ።

ባለፈው ሐሙስ ኋይት ቤር ሐይቅ ላይ ያዝኩት። ጸሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። የሣሩን ዳር ዳር ይዤ ስወረውር ቆየሁ። ሉሩ፣ ሰው ሠራሽ ማጥመጃው ማለቴ ነው፣ ጀልባው ጋ ሊደርስ ሁለት ሜትር ሲቀረው ከሥር ቡናማ ጥላ ብድግ አለ። መጀመሪያ ግንድ መሰለኝ። ከዚያ ግንዱ አፉን ከፈተ።

47 ኢንች። አንድ ሜትር ከ19 ሴንቲ መሆኑ ነው። ይሄን ያህል ዓሣ በሕይወቴ ነክቼ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳልደብቅ ልንገራችሁ። መረቤ ዎልአይ ለሚባለው አነስ ያለ ዓሣ የተሠራ ትንሽ መረብ ነው። ግማሹ አካሉ ብቻ ገባ። መንጠቆዎቹ መረቡ ላይ ተጠላለፉ። ጎትተን የጀልባው ወለል ላይ አወጣነው። የያዝኩት ፒንሳ አጭር ነው፣ አፉ ውስጥ አይደርስም። ለካነው፣ ፎቶ ተነሳሁ፣ ጓደኛዬ ቪዲዮ ቀረጸ። አራት ደቂቃ፣ ምናልባት አምስት። ውሃ ውስጥ ስመልሰው በጎኑ ተጋደመ። ጭራውን ይዤ አርባ ደቂቃ ያህል ጠበቅኩ። ስንጥቡ መጀመሪያ ይከፈት ይዘጋ ነበር። እየዘገየ ሄደ። ሲጨልም ቆመ።

እዚህ ከ54 ኢንች በታች የሆነ መስኪ ይዞ መሄድ አይቻልም፣ ቢሞትም። እዚያው ውሃ ላይ ተውኩት። ነጭ ሆዱ በጨለማ እየራቀ ሲሄድ አየሁት። ሦስት ቀን ሆነኝ፣ ዓይኔን ስጨፍን እሱ ነው የሚታየኝ።

የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ። የቱ ጋ ነው ያጠፋሁት?


ባለጀልባው | እሑድ ማታ

አይዞህ ወንድሜ። በግልጽ ስለጻፍከው አመሰግናለሁ። አሥራ ሁለት ሰመር መስኪ አጥምጃለሁ። እኔም እጄ ላይ የሞተብኝ አለ፣ እስከ ዛሬ ቦታውን ሳልፍ አየዋለሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅህ። የውሃው ሙቀት ስንት ነበር?


የጣና ልጅ | እሑድ ማታ

የጀልባው ማሽን ላይ 82 ፋራናይት ይል ነበር። ችግር መሆኑን አላወቅኩም።


ባለጀልባው | ሰኞ ጠዋት

ዋናው እሱ ነው። 80 ፋራናይት ሲያልፍ፣ በሴንቲግሬድ 27 ገደማ፣ እኛ መስኪ ማጥመድ እናቆማለን። ሕግ አስገድዶን አይደለም። ሞቃት ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ትንሽ ነው። ዓሣው ሲታገል እንደሮጠ ሰው ትንፋሹ ያልቃል፣ ጡንቻው በአሲድ ይሞላል። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ብትለቀው ያገግማል። በሞቃት ውሃ ግን የሚተነፍሰው የለውም። ዋኝቶ ቢሄድ እንኳ በነጋታው ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ያን ቀን መረቡም ፒንሳውም ትክክል ቢሆን ኖሮ ዓሣው ይተርፍ ነበር ብዬ አልምልልህም።

መረቡ ግን በማንኛውም ቀን ይገድላል። ለመስኪ የሚሆነው መረብ ሰፊና ጥልቅ፣ ክሩ በጎማ የተለበጠ ነው። ዓሣው ጀልባ ላይ አይወጣም። መረቡ ውሃ ውስጥ ሆኖ፣ ዓሣውም ውሃ ውስጥ ሆኖ ነው መንጠቆው የሚነቀለው። መረቡ እንደ በረት ነው፤ እዚያ ውስጥ ቆሞ እየተነፈሰ አንተ ሥራህን ትሠራለህ።

ረጅም ፒንሳ ያስፈልግሃል፣ ቢያንስ የክንድህን ግማሽ የሚያህል። ከሱ በላይ ደግሞ የመንጠቆ መቁረጫ። እኔ የምይዘው ክኒፔክስ የሚባለውን ነው። መንጠቆው ጠልቆ ከገባ አትታገለው። ቁረጠው። የመንጠቆ ዋጋ ሁለት ዶላር ነው። እጅህ ላይ ከገባም ያው መቁረጫ ነው የሚያድንህ፤ መስኪ አንዴ ጭንቅላቱን ሲወዘውዝ ሦስት አፍ ያለው መንጠቆ የት እንደሚያርፍ አታውቅም።

ፎቶ ከፈለግህ ጓደኛህ ካሜራውን አዘጋጅቶ ይጠብቅ። እጅህን አርጥብ። አንዱን እጅ በስንጥቡ ክዳን ሥር፣ ቀዩን ሳትነካ፣ ሌላውን ከሆዱ ሥር። አግድም ያዘው፤ በመንጋጋው አንጠልጥለህ ቀጥ አድርገህ አትስቀለው፣ ይሄን የሚያህል ክብደት አከርካሪውንም የሆድ ዕቃውንም ይጎዳል። ስታነሳው አንተም ትንፋሽህን ያዝ። አንተ መተንፈስ ስትፈልግ እሱም ይፈልጋል፣ መልሰው።


ሶስና | ሰኞ ከሰዓት

የጣና ልጅ፣ ሳነብ አለቀስኩ። እኔ ጀልባ የለኝም። ከሁለት ወንድ ልጆቼ ጋር ከዳር ሆነን ነው የምናጠምደው፣ አብዛኛውን ጊዜ መስኪ የሚመስለውን ፓይክ። ትልቁ ልጄ ባለፈው ወር የያዘውን «መስኪ ነው» ብሎ ድርቅ አለ። እኔ ደግሞ ፓይክ ነው አልኩ። ወደ ውሃው መለስነው እንጂ እስካሁን አልተስማማንም። በምንድን ነው የሚለዩት?


ባለጀልባው | ሰኞ ማታ

እህቴ፣ ካላወቁ መልቀቅ ትክክል ነው። ሲጠራጠሩ ይልቀቁት፣ ቅጣቱ ቀላል አይደለም።

ሩቅ ሳይሄዱ ቆዳውን ይዩ። ፓይክ መልኩ ጨለም ያለ አረንጓዴ ነው፣ ላዩ ላይ ፈዘዝ ያሉ ነጠብጣቦች ተረጭተውበታል። መስኪ በተቃራኒው ነው። መደቡ ፈዘዝ ያለ፣ ምልክቱ ጠቆር ያለ፤ ወይም ምንም ምልክት የሌለው። የፓይክ ጭራ ጫፉ ክብ ነው፣ የመስኪ ሹል።

አሁንም ከተጠራጠሩ አገጩን ገልበጥ አድርገው ይዩ። ከታችኛው መንጋጋ ሥር በመርፌ የተወጉ የሚመስሉ ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉ። በአንድ ወገን አምስት ወይም ከዚያ በታች ከሆኑ ፓይክ ነው። ስድስትና ከዚያ በላይ ከሆኑ መስኪ። ልጅዎ ይቁጠርና ይዳኝ።

ከተማው ውስጥ ባሉ አንዳንድ ሐይቆች ታይገር መስኪ የሚባል ዲቃላም አለ፣ የሁለቱ ልጅ፣ እንደ ነብር ቋሚ መስመር ያለው። ይዞ ለመሄድ የሚፈቀደው የሱ ትንሹ ርዝመት የተለየ ስለሆነ የሐይቁን ደንብ ቀድመው ያንብቡ።


ጋሽ መኮንን | ማክሰኞ

ልጆች፣ ተከታትዬ አነበብኩ። ጨዋ ውይይት ነው። ግን አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ዓሣ የሚያዝ ለመብላት ነው። እኛ ዝዋይ ዳር ስናድግ ዓሣ አውጥቶ መልሶ የሚጥል ሰው ቢታይ «ምን ነካው?» ይባል ነበር። የእግዜር ፍጡር አሰቃይቶ፣ ፎቶ ተነስቶ መልቀቅ ምን የሚሉት ነው? ከበላኸው እኮ ቢያንስ ሞቱ ለቁም ነገር ሆነ። ስከራከር አይደለም፣ እንዲገባኝ ነው።


የጣና ልጅ | ማክሰኞ ማታ

ጋሼ፣ ያሉት ነገር ከሐሙስ ጀምሮ ራሴን የምጠይቀው ነው። መልስ አለኝ ብዬ አልዋሽዎትም። ግን አንድ ትዝ ያለኝን ልንገርዎት።

ጣና ላይ ክረምት ሲገባ ነጭ ዓሣው ለመራባት ወደ ወንዞቹ ይወጣል፣ ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ። ሁሉም ያውቀዋል። ስለዚህ መረቡ የሚዘረጋው ልክ የወንዙ አፍ ላይ ነው። እንቁላል የሞላቸው እናቶች ተግተልትለው ይገባሉ። ልጅ ሆኜ ደስ ይለኝ ነበር፣ ታንኳ ሙሉ ዓሣ! በኋላ በኋላ ግን የሚመጣው ዓሣ እያነሰ፣ እያነሰ ሄደ። ሁሉም ለመብላት ነው የወሰደው። ግን አለቀ።

መስኪ ደግሞ ከዚያም የባሰ ነው። ሐይቅ ሙሉ መስኪ የለም። አንዲት ሴት መስኪ 50 ኢንች ለመድረስ 15 ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈጅባታል። እኔ የገደልኩት ዓሣ እኔ አሜሪካ ከመግባቴ በፊት የተወለደ ሊሆን ይችላል።


ባለጀልባው | ማክሰኞ ማታ

ጋሼ፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ እኔም ከአባቴ ጋር በስልክ በዚሁ ተከራክሬያለሁ። ሁለት ነገር ልጨምር።

አንደኛ፣ ትልቅ መስኪና ትልቅ ፓይክ ለገበታ አይመከሩም። ትንሹን ዓሣ የበላ ዓሣ፣ እሱን የበላ ሌላ ዓሣ እያለ ሜርኩሪው ይጠራቀማል። ዕድሜው የረዘመና ከላይ የተቀመጠው አዳኝ ነው ብዙውን የሚሸከመው። በተለይ ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን አይሆንም።

ሁለተኛ፣ መብላት ለሚፈልግ መንገዱ ክፍት ነው። ከ2018 ጀምሮ የሚኒሶታ የፓይክ ደንብ በቀጠና ተከፍሏል። በሰሜን መካከለኛው ቀጠና፣ ብዙው ሐይቅ እዚያ ነው ያለው፣ በቀን አሥር ፓይክ መያዝ ይቻላል። ከ22 እስከ 26 ኢንች ያለው ግን የግድ ይለቀቃል፣ ከ26 በላይ ደግሞ ከሁለት አይበልጥም። ለምን ቢሉ፣ ሐይቆቹ በቀጫጭን ፓይክ ተጨናንቀዋል። ትላልቆቹ ስለተለቀሙ ትንንሾቹ በዙ፣ ሲሻሙም ማደግ አቃታቸው። ትንሹን ብሉ፣ መካከለኛው ይደግ ነው ነገሩ። የ20 ኢንች ፓይክ ይዘው ቢሄዱ ሐይቁን ይጠቅማሉ እንጂ አይጎዱም።


ሶስና | ረቡዕ

ጋሼ መኮንን፣ ባለጀልባው የሚለው እውነት ነው፣ እኛ ቤት በየሳምንቱ ይበላል። የፓይክ ችግሩ አጥንቱ ነው። ከጀርባው ሥጋ መሀል እንደ ባላ ሹካ የወጣ ቀጭን አጥንት አለው፣ ልጅ ጉሮሮ ላይ ይሰካል። እኔ ሁለት ዘዴ አለኝ። አንዱ፣ ጊዜ ካለኝ፣ ሥጋውን አምስት ቦታ ከፍዬ አጥንቱን የያዘውን መስመር ለይቼ አወጣለሁ። ንጹሑን ሥጋ አድቅቄ በቃሪያና በሽንኩርት የዓሣ ዱለት አደርገዋለሁ። ሌላው፣ ሲቸኩለኝ፣ ሥጋውን በስል ቢላ ጠጋ ጠጋ አድርጌ እስከ ቆዳው ድረስ እበጣዋለሁ፣ በዱቄት ለውሼ በደንብ በጋለ ዘይት እጠብሰዋለሁ። አጥንቱ ተቆራርጦ በዘይቱ ይሰባበራል፣ አይታወቅም። አዋዜ ካለ ሌላ አይፈልግም።

የፓይክ ልጋግ ግን ያስመርራል። በሆምጣጤ እሹት፣ ይለቃል።


ስቶክሆልም ነኝ | ረቡዕ ማታ

ከሩቅ ልግባ። እኔ ስዊድን ነኝ። እዚህ መስኪ የለም፣ መስኪ የሰሜን አሜሪካ ብቻ ነው። ፓይክ ግን ሞልቷል፣ «ዬዳ» ይሉታል። የሁሉም ሰው ሕልም የአንድ ሜትር ዬዳ መያዝ ነው። እኔ 103 ሴንቲ ይዣለሁ፣ ከባልቲክ ደሴቶች መሀል። ውሃው ጨዋማነቱ ትንሽ ስለሆነ የንጹሕ ውሃው ፓይክ እዚያ ይኖራል።

እዚህ ደስ የሚለኝ ነገር፣ በባሕሩ ዳርቻና በአምስቱ ትልልቅ ሐይቆች በዘንግ ለማጥመድ ፈቃድ አይጠየቅም፣ ነጻ ነው። ሥራ የሌለኝ ጊዜ መሀል ከተማ ድልድይ ሥር ቆሜ እወረውር ነበር። ያ ነው ያቆየኝ።

የመጣሁበት ግን ስለ ጣና የጻፈው ወንድሜ ነው። እዚህም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። ፓይክ የሚራባው በፀደይ፣ በረዶው እንደቀለጠ፣ ውሃ በተኛበት ሣር ውስጥ ነው። ገበሬው ረግረጉን አደረቀው፤ ዓሣው የሚገባበት አጣ። አሁን ረግረጉን መልሰው ውሃ እያስተኙበት ነው። «የፓይክ ፋብሪካ» ይሉታል። አንዱን ሄጄ አይቻለሁ። ኤፕሪል ነው፣ ውሃው ጉልበት አይደርስም። ሣሩ ሲነቃነቅ ታያለህ። ከዚያ የትልቅ ሴት ጀርባ ከውሃው በላይ ብቅ ይላል፣ ሁለት ሦስት ትንንሽ ወንዶች ጎንና ጎኗን ይዘው። ድምፅ ሳላሰማ አንድ ሰዓት ቆምኩ።


አዲስ ጀማሪ | ሐሙስ

ሰላም፣ እኔ ገና ልጀምር ነው። በትንሽ ገንዘብ ምን ልግዛ? ስንት ሉር ያስፈልጋል?


ባለጀልባው | ሐሙስ ማታ

መረቡን፣ ረጅሙን ፒንሳና መቁረጫውን መጀመሪያ ግዛ። ሌላው ቀስ ብሎ ይመጣል። እውነቴን ነው።

ሮዱ፣ ማለትም ዘንጉ፣ ከስምንት ጫማ ተኩል የማያንስ፣ ከባድ። እኔ ሮዴንና ሪሌን፣ የክር መጠቅለያውን፣ ሁለተኛ እጅ ነው የገዛሁት። ክሩ 80 ፓውንድ የሚችል ብሬድ፣ የተጎነጎነው ዓይነት። «ይሄን ያህል ወፍራም ለምን?» ትል ይሆናል። ዓሣውን ቶሎ ለማምጣት ነው። በቀጭን ክር ግማሽ ሰዓት መታገል ዓሣውን ይገድለዋል። ጫፉ ላይ፣ ከሉሩ በፊት፣ ሊደር የሚባል አጭር ማያያዣ፣ ከብረት ወይም ከወፍራም ፍሎሮካርቦን ክር፤ ያለዚያ ጥርሱ ይበጥሰዋል፣ ሉሩም አፉ ውስጥ ይቀራል።

ሉር ላይ ሁለት ይበቃሃል። አንዱ ባክቴይል፣ ሁለት የሚሽከረከር ቅጠል ያለው። እጀታው ድረስ ንዝረቱ ሲመጣ ይሰማሃል። ሌላው ቀስ ብሎ የሚሰምጥ የጎማ ዓሣ።

ከሁሉ በላይ 8 ቁጥር መሥራት ተማር። መስኪ ብዙ ጊዜ ሉሩን ተከትሎ ጀልባው ሥር ድረስ ይመጣና ያያል። ሉሩን ከውሃ ብታወጣው አለቀ። ክሩን አንድ ክንድ ያህል አስቀርተህ የሮዱን ጫፍ ውሃ ውስጥ ክተት፣ ከዚያ ሰፊ 8 ቁጥር ጻፍ። መታጠፊያው ሰፊ ይሁን፣ ትልቅ ዓሣ በጠባብ ቦታ አይዞርም። ምንም ባይታይህም በእያንዳንዱ ውርወራ አድርገው። ዓሣውን ካየኸውና ካልነከሰ ደግሞ ቦታውን በልብህ ያዝ፤ ሲመሽ ተመለስ።

ወቅቱ ከጁን የመጀመሪያ ቅዳሜ እስከ ዲሴምበር 1 ነው። ከሐይቁ ስትወጣ የጀልባህን ውሃ ማፍሰሻ ንቀል፣ ሣሩን አራግፍ። ሚል ላክስና ሚኒቶንካ የሚባሉት ሐይቆች ዜብራ መስል በሚባል ትንሽ ባለ ዛጎል ወራሪ ተወርረዋል፣ ወደ ሌላ ሐይቅ ይዘህ አትሂድ።

የጣና ልጅ፣ ላንተ ደግሞ አንድ ነገር። አሁን ያለው የሚኒሶታ ሪከርድ በኖቬምበር 2021 ከሚል ላክስ የወጣ ነው፣ 55 ፓውንድ ከ14.8 አውንስ። ከ1957 ጀምሮ የቆየውን የዊኒቢጎሺሽ ሐይቅ 54 ፓውንድ ነው የሰበረው። ያጠመዱት ሰዎች ሊለቁት ነበር የፈለጉት። ደጋግመው ሞከሩ፣ አልተነሳም። በዚያ በቀዝቃዛ ውሃ፣ በሚያውቁ እጆች። አንዳንዴ እንዲህ ይሆናል።


የጣና ልጅ | ከመስቀል በኋላ

ቤተሰብ፣ እንደምን ከረማችሁ። ውሃው እስኪቀዘቅዝ ጠበቅኩ። ኦገስትን ሙሉ መስኪ አልነካሁም። ትልቁን መረብና መቁረጫውን ገዛሁ። ቤት ውስጥ፣ ሳሎን ምንጣፍ ላይ፣ ከጓደኛዬ ጋር ተለማመድን። እሱ መረብ ይይዛል፣ እኔ ፒንሳ። ባለቤቴ እንኳ መጨረሻ ላይ ሰዓት ያዘችልን።

ትናንት ውሃው 58 ፋራናይት ነበር። ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ሁለተኛው 8 ቁጥር መታጠፊያ ላይ መጣ። ነጭ የአፉን ውስጥ አየሁት። ጓደኛዬ አንዴ ብቻ መረቡን ከተተ፣ ገባ። አላወጣነውም። አንዱ መንጠቆ ቶሎ ወጣ፣ ሁለተኛው ከስንጥቡ አጠገብ ነበር፣ ቆረጥኩት። ተንሳፋፊ መለኪያውን ውሃው ላይ ዘርግተን ለካነው፣ 43 ኢንች። ፎቶ አንድ።

መረቡን ዝቅ አደረግነው። ጭራውን ሥር ሥሩን ይዤ ቆየሁ፣ ያንን ሐሙስ እያሰብኩ። ምናልባት ሃያ ሴኮንድ። ከዚያ ጡንቻው እጄ ውስጥ ጠጠረ፣ አንዴ ተገፋና ፊቴ ላይ ውሃ ረጭቶኝ ወደ ታች ሄደ። እጄ ላይ ልጋጉ ቀረ። እስክንመለስ አልታጠብኩትም።


ሶስና | ከመስቀል በኋላ

እልልልል!


ባለጀልባው | ከመስቀል በኋላ

እንኳን ደስ ያለህ ወንድሜ። 43 ኢንች ነው ያልከው፣ ገና ያድጋል።


ጋሽ መኮንን | ከመስቀል በኋላ

እንኳን ደስ ያለህ ልጄ። እኔም በሶስና መንገድ በጥቼ ጠበስኩት፣ አጥንቱ እውነትም አይታወቅም። በሁለት ሳምንት ሦስት ፓይክ ያዝኩ። አንዱ በመለኪያው 24 ሆነ፣ ለቀቅኩት። ሲሄድ ቆሜ አየሁት።

በረዶው ሲይዝ የምትወጡበትን ሐይቅ ንገሩኝ። ድንኳን አለኝ፣ ቡናውን እኔ አመጣለሁ።